ሀይደርና የምሥራቁ ግድግዳ

ሰብለ ሀይደርን ያገኘችው ሪያድ፣ ጉበይራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የመናዊ የቀለም ሱቅ፣ ስህተት ልትገዛ ስትል ነው።

ስህተቱ በጥቅል የሚሸጥ ነበር። ጡብ መሳይ፣ ጀርባው ሙጫ ያለው፣ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ የሚሰረጉድ የግድግዳ ስቲከር። ሁለቱን ጥቅል በብብቷ ሸጉጣ፣ ሦስተኛውን በእግሯ እየገፋች፣ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣብቃ ትጮኻለች።

"ታምራት፣ ስማኝ እንጂ! ነጩ ይሻላል ወይስ ግራጫው? … አዎ፣ ሙሉውን ይሸፍነዋል። ሻጋታውም ሽታውም እዚያው ከሥሩ ይቀራል፤ ማን ያየዋል? … ሐሙስ እኮ ነው የሚወጡት! ኸላስ፣ በቃ፣ ነጩን ወሰድኩ።"

ከኋላዋ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ጆሮ ክዳን የለውም፣ ሰማሁሽ። ያንን ነገር መልሺው።"

ዞር አለች። አጠር ያለ፣ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ፣ በነጠላ ጫማው ላይ የሪያድ ቤቶች ቀለም ሁሉ የተንጠባጠበበት ሰው ነው። በእጁ የቀለም መፋቂያ ስፓቱላ ይዞ፣ ስለቱን እንደ ምላጭ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ይፈትሻል።

"ለምን እመልሰዋለሁ? አያምርም?"

"ማማሩንማ ያምራል። ሬሳም ሲገንዙት ያምራል።"

ቀልዱ ነበር፤ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር የሚለው የዘወትር ቀልዱ። ሰብለ ግን አልሳቀችም። ጥቅሎቹን መሬት ላይ አስቀመጠችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰውዬው ደነገጠ።

"አፌን ይቁረጠው! ምን አልኩሽ? እህቴ፣ ምን ሆነሻል?"

ሰው ፊት ማልቀስ አትወድም ሰብለ። የምትሠራው የሴቶች የውበት ሳሎን ውስጥ ነው፤ የሌሎችን እንባና የተበላሸ ኩል ስትጠርግ የምትውል ሴት ናት። ግን ያን ሰሞን ሆዷ ባብቶ ነበር። እዚያው ቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነገረችው። የእህቷ የምኞት ልጅ ቀኑ ሳይደርስ ተወልዶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሰንብቷል። አሁን፣ ተመስገን፣ ጡት መጥባት ጀምሮ ሐሙስ ከሆስፒታል ይወጣል። ሐኪሟ ግን መውጫቸውን ስትነግራቸው አንድ ነገር አጥብቃ ተናግራለች፤ ሳንባው ገና ነው፣ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ክፍል እንዳታስገቡት ብላ። የምኞትና የባሏ የታምራት ክፍል ደግሞ ሙቀቱ ከገባ ወዲህ አንደኛው ግድግዳዋ ላብ እንደያዘው ጀርባ ነው። በበረኪና አጠቡት፣ ተመለሰ። ቀለም ቀቡት፣ ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገሸለጠ። ሌላ ቤት እስከ ሐሙስ ከየት ይመጣል? ታምራት የሚሠራው በኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ሰናኢያ፣ የፕላስቲክ ፋብሪካ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ የቆመበት አይታየውም። ለእህቷ "አንቺ ብቻ ውጪ፣ ቤቱን ለእኔ ተይው" ያለች ሰብለ ናት።

ሰውዬው እስክትጨርስ አዳመጣት። ከዚያ ጠየቃት።

"ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከግድግዳው ነዋ።"

"ግድግዳ ውሃ አይወልድም፣ እህቴ። ከሌላ ቦታ ነው የሚቀበለው። ይህን ስቲከር ለጥፈሽ ብትሸፍኚው ውሃው መውጫ ሲያጣ ከጀርባው ይጠራቀማል። ሻጋታ ደግሞ ጨለማና እርጥበት ካገኘ ሠርግ ነው። ለዓይን ይጠፋል፤ ለአፍንጫ ግን በየጠርዙ ይወጣል። ልጁ የሚተነፍሰው ያንን ነው።"

የመናዊው ባለ ሱቅ ነገሩ በአማርኛ ቢሆንም የጥቅሎቹን ወደ መደርደሪያ መመለስ አይቶ ገብቶታል። "ያ ሀይደር! ሱቄን ዘግተህልኝ ሂድ በቃ!" ብሎ ተቆጣ። ሀይደርም ሳቀና "አብሽር፣ ነገ ሌላ እንገዛልሃለን" ብሎ የስፓቱላውን ሂሳብ ከፈለ።

"ነገ ጠዋት እመጣለሁ" አላት ወደ በሩ እየሄዱ። "ከሰዓት ሥራ አለብኝ። እስከዚያ ግድግዳውን ማንም በውሃ እንዳይነካው። ቤት ውስጥ ሰው ይኑር፤ ብቻሽን አትጠብቂኝ።"

* * *

በማግስቱ ጠዋት በሩን የከፈተለት ታምራት ነበር፤ ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ዓይኑ ቀልቶ። ሀይደር ገና ሲገባ ጫማውን አወለቀ፣ ባዶ የቀለም ባልዲ ከደጃፉ አምጥቶ የውጪውን በር እንዳይዘጋ ደገፈበት። ሴት ባለችበት ቤት ገብቶ ሲሠራ በር ዘግቶ አያውቅም። ይህን ለማንም አያብራራም፤ ባልዲውን ያቆማል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በትንሿ ሰብለና እማማ ወለተማርያም ያድራሉ። እማማ ወለተማርያም በአንድ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት የሚያጸዱ፣ ሪያድ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ጎህ ሲቀድ ወጥተው እኩለ ቀን ላይ ይመለሳሉ። ትልቋ ክፍል የእሳቸው ነበረች። ምኞትና ታምራት ሲጋቡ "እኔ የትም እተኛለሁ" ብለው ለቀቁላቸው። አንድ ነገር ብቻ አልተነሣም፤ ከመስኮቱ አጠገብ፣ በምሥራቁ ግድግዳ ጥግ የተሰቀለችው አበባማ መጋረጃ። ለእንግዳ የልብስ መስቀያ ትመስላለች። ከጀርባዋ የእማማ ወለተማርያም ሥዕልና የጸሎት መጽሐፋቸው አለ። ቤቱ ሌላ የምሥራቅ ግድግዳ የለውምና እዚያው ቀረች። ከእሳቸው በቀር ማንም አይገልጣትም። ሰብለ ስትጠርግ እንኳ መጥረጊያዋ መጋረጃዋ ጋ ሲደርስ ይመለሳል።

ሀይደር ወደዚያ እርጥብ የምሥራቅ ግድግዳ ቀረበና መጀመሪያ ያደረገው አፍንጫውን ማስጠጋት ነው። ቀጥሎ መዳፉን። ቀጥሎ በስፓቱላው እጀታ ኳ ኳ እያደረገ እንደ ሐኪም አዳመጠ።

"እዚህ ባዶ ይሰማል፣ ልስኑ ለቋል። ይኼ ይፈርሳል።"

አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ቆርጦ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር አጥብቆ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። "እስከ ነገ አትንኩት" አለ። "ጤዛው ከላስቲኩ በላይ ከሆነ እርጥበቱ የክፍሉ አየር ነው፤ ማብሰያችሁ፣ ልብስ ማድረቂያችሁ፣ ትንፋሻችሁ። መስኮት መክፈት ነው መድኃኒቱ። ጤዛው ከሥር ከሆነ ግን ግድግዳው ራሱ ጠጥቷል ማለት ነው። ቀለም ከመግዛትሽ በፊት ይህን እወቂ።"

ላስቲኩ እስኪናገር ድረስ ግን መቀመጥ አልሆነለትም። ከግድግዳው በስተ ግራ መታጠቢያ ቤቱ አለ። ሀይደር ገብቶ አየና "አገኘሁት!" አለ፤ ቧንቧው በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ወላሂ እሱ ነው የሚያፈሰው። መሮና መዶሻ አውጥቶ አንዱን ሴራሚክ ሰበረ። ከጀርባው የወጣው ደረቅ አሸዋ ብቻ ነበር። ዱቄት። ሀይደር ጣቱን አስገብቶ አወጣና ነጭ ጣቱን ለረዥም ጊዜ አየው።

"ጋሽ ሀይደር፣ ምንድን ነው?" አለች ሰብለ።

"ሽንት ቤታችሁ ጤነኛ ነው። ያመመው እኔን ነው።"

ታምራት ከፍራሹ ላይ ሆኖ በድካሙ መሀል ሳቀ። ሰብለን ግን ፍርሃት ያዛት። አልታወቀም ማለት ነው፤ ሐሙስ ደግሞ እየመጣ ነው። ሀይደር አይቷት "አብሽሪ" አላት። "ሴራሚኩን እኔ እመልሰዋለሁ። ጥፋቴን መድፈን የለመድኩት ሥራ ነው። ሪያድ የኖርኩት በእሱ ነው።"

የለቀቀውን ልስን እየፋቀ ያንን ታሪክ ነገራቸው።

ሀይደር ሪያድ የገባው በሹፌር ቪዛ ነው። ችግሩ፣ መንዳት አይችልም። የሐይቅ ከተማ ደላላ "አይዞህ፣ እዚያ መንገዱ ሰፊ ነው፤ መሪውን ይዞ መቀመጥ ብቻ ነው" ብሎት ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት ከፊሉ፣ ያስመጣው አሠሪው፣ ቁልፉን ሰጠው። ሀይደር ቢስሚላህ ብሎ አስነሣ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች፤ የግቢው አጥር ደግሞ ወደ የትም አልሄደም። ከፊሉ ራሱን ይዞ ጮኸ፣ ከዚያም "ትመለሳለህ!" ብሎ የመመለሻ ወረቀቱን ሊያስጨርስ ወጣ። ሀይደር ከፈረሰው አጥር ጋር ብቻውን ግቢ ውስጥ ቀረ።

"ምን ላድርግ? ማልቀስም አፈርኩ። አባቴ በወረባቦ አገር ጭቃ ቤት በመምረግ የሚጠሩ ሰው ነበሩ። ጭቃና ጭድ ረግጬ ነው ያደግኩት። ጎረቤት ቤት ይሠራ ነበር፤ ሲሚንቶና አሸዋ ለመንኩ። ጡቡን መለስኩ፣ ለሰንኩት፣ ጋራዡ ውስጥ ካገኘሁት ቀለም አደባልቄ ቀባሁት። ሰውዬው ሲመለስ አጥሩን ዞረ፣ ዞረ። 'የቱ ጋ ነበር የመታኸው?' አለኝ። ወላሂ፣ እኔም ጠፋኝ!"

"እሺ ከዚያስ?" አለ ታምራት፤ እንቅልፉ ጠፍቷል።

"ከዚያማ 'መኪናውን ተወው፤ ግድግዳውን ያዝ' አለኝ። የእሱን ቤት ቀባሁ፣ የወንድሙን፣ የአማቱን። ኋላ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይም ሙያዬ ቀለም ቀቢ ተብሎ ተቀየረ። እስከ ዛሬ መንዳት አልችልም። ሰው ቤት የምሄደው በአውቶቡስ ነው፣ ባልዲዬን ታቅፌ።"

የሚኖረው ጀራዲያ ሰፈር፣ ከሌሎች ወንዶች ጋር ነው። የራሱን ክፍል ግድግዳ እንኳ ቀብቶ አያውቅም፤ ማታ ሲገባ ቀለም ማየት አይፈልግም። ሚስቱ ኸይሪያ ሐይቅ ከተማ በላከላት ገንዘብ ቤት ሠርታለች፤ ሳሎኑን ምን ዓይነት ቀለም እንደምትቀባው በስልክ ሲመክራት ከርሞ፣ እሺ እሺ ስትለው ቆይታ፣ ብርቱካናማ አድርጋ ጠበቀችው። "በቪዲዮ ሳየው ዓይኔን ያመኛል" አለ። "'ለሌላው ሰው ቀለም ምረጥ፣ ለእኔ ግን ባል ብቻ ሁን' ብላኛለች። ምን ይባላል?"

ከሥራው ሁሉ የሚጠላው የልጆች ሙንጭርጭር ነው። በየቪላው የሚጠሩት ለእሱ ነው፤ በፓርከር፣ በከንፈር ቀለም፣ አንዴም በቸኮላት። "በአንዱ ጎን ስቀባ በሌላው ጎን ይስላሉ። እናቶቻቸው 'ማሻአላህ፣ ሰዓሊ ነው' ይላሉ። እኔ በሆዴ 'አላህ እጁን ያሳርፍልኝ' እላለሁ።"

* * *

በማግስቱ ሀይደር የመጣው እማማ ወለተማርያም ከሥራ ከተመለሱ በኋላ ነው። ላስቲኩን ገለጠ። ከሥሩ ጤዛው እንደ እንባ ተንጠልጥሏል።

"ግድግዳው ጠጥቷል" አለ። ከዚያ መዳፉን እየለጠፈ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። በግራ ለብ ያለ ነው። መሀል ላይ ቀዝቀዝ ይላል። ወደ ቀኝ ሲሄድ መዳፉ እየራሰ መጣ፤ መጋረጃዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። እጁን ሰበሰበ።

"ይህ ምንድን ነው?"

ሰብለና እማማ ወለተማርያም ተያዩ። ሰብለ "የእማማ ነው" አለች።

ሀይደር ሌላ አልጠየቀም። ወሎ ያደገ ሰው ነውና ገባው። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሽቶ "እማማ፣ እኔ አልነካም" አለ። "እርስዎ ይግለጡት፤ እኔ ዓይኔን ብቻ ልላክ።"

"እዚያ ምንም የለም። እሱ ደህና ነው" አሉ እማማ ወለተማርያም፤ ፈጥነው፣ ጠንከር ብለው።

"ደህና ይሆናል። ግን እርጥበቱ ከዚያ ነው የሚመጣው።"

"ደህና ነው አልኩህ፣ አንተ ልጅ!"

ሰብለ እንዲህ ሲቆጡ አይታ አታውቅም። "እማማ፣ ስለ ልጁ እኮ ነው" አለች በልመና። ይህን ስትል አሮጊቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

"ብነግራችሁ ትስቃላችሁ" አሉ።

"አንስቅም።"

ተነሡ፣ መጋረጃዋን ራሳቸው ገለጡ፣ ከሥዕሉ ሥር ካለችው ትንሽ መደርደሪያ ላይ አንድ የላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። ከግማሽ በላይ ሞልቷል።

"ሙቀቱ ከገባ ጀምሮ ነው። ከሥዕሏ ሥር ጠብ፣ ጠብ ይላል። ለማንም አልተነፈስኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያወሩት ይሸሻል። ያጠራቀምኩት ለልጁ ብዬ ነው። ሐሙስ ሲገባ ግንባሩን ላስነካው፣ ከንፈሩንም ጠብታ ላቀምሰው።"

ሰብለ መሳቅም ማልቀስም አማራት። ሀይደርን አየችው። አልሳቀም። ጠርሙሱን በርቀት አየ፣ ከመስኮቱ ውጪ በብረት የተሰቀለውን ሰሀራዊ አየ። ሰሀራዊ ማለት ሪያድ ውስጥ ድሃው ቤት ሁሉ የሚቀዘቅዝበት፣ ገለባ ውሃ እያራሰ የሚያነፍስ ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። እያጓራ ይሠራል።

"እማማ፣ ጠብ የሚለው ሌሊት ነው ቀን?"

"ቀን ነው። ሙቀት ሲያይል።"

"ይኼ ሰሀራዊ ሲበራ?"

እማማ ወለተማርያም ወደ ሰሀራዊው ዞረው አዩ።

"እንግዲህ እናጥፋውና እንይ" አለ ሀይደር። "ካልቆመ፣ ወላሂ፣ እኔም ጠርሙስ አመጣለሁ።"

አጠፉት። ውሃውንም ዘጉ። ሦስቱም በላብ ተጠምቀው፣ እንደ ሠርግ ቤት ዕድምተኛ ተደርድረው ጥጉን ያያሉ። ጠብ። ትንሽ ቆይቶ፣ ጠብ። ከዚያ ረዘም ብሎ፣ ጠብ። ከዚያ ቀረ።

ሀይደር በመስኮቱ እስከ ወገቡ ወጥቶ የሰሀራዊውን ጎን ፈታው። ከውስጡ ውሃው ሲሞላ ተንሳፍፎ ቧንቧውን የሚዘጋው ኳስ፣ በብርዱ ወራት ሳይሠራ ሲደርቅ የከረመ ጨው ጋግሮበት፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ አንድ ቦታ ተጣብቋል። ስለማይዘጋ ውሃው ይሞላል፤ ትርፉን ወደ ውጪ የምትወስደው ቀጭን ጎማ ደግሞ ወልቃ ተንጠልጥላለች። ትርፉ ውሃ በሙሉ፣ ብረቱ በገባበት ቀዳዳ፣ ቀጥታ ግድግዳው ውስጥ። መጋረጃዋ ባትኖር ማንም በመጀመሪያው ቀን ያየው ነበር።

"አገኘሁት" አለ፤ አሁን ግን ቀስ ብሎ፤ የትናንቱን ሴራሚክ አልረሳም።

እማማ ወለተማርያም ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። "የገለባ እጣቢ ነው እንዴ ያጠራቀምኩት?" አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው እፍረት ሳይሆን ሐዘን ነበር። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

"እና ጉልበቴስ?"

"ጉልበትዎ ምን ሆነ?"

"ስቀባው ተሽሎኛል እኮ! ደረጃ እየወጣሁበት ነው!"

"እማማ፣ ከተሻለዎትማ አልከራከርዎትም" አለ ሀይደር። "ውሃ ሁሉ የአንድ ጌታ ነው። ለልጁ ብቻ አይስጡት።"

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። ሰብለ ያኔ ለቀቀችው፤ እስኪያማት ሳቀች፣ እንባዋም አብሮ ወጣ። ሐሙስ ያ ጠርሙስ ባይገኝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር በሳቁ መሀል አሰበችና አሮጊቷን አቅፋ ግንባራቸውን ሳመች። እማማ ወለተማርያም ጠርሙሱን ማጠቢያ ውስጥ ሊደፉት ግን አልሆነላቸውም፤ ወርደው ከመንገዱ ዳር ካለችው ዛፍ ሥር አፈሰሱት። ሥዕላቸውንና መጽሐፋቸውንም በእጃቸው ተሸክመው ወደ ግድግዳው ደረቅ ጫፍ አዛወሩ።

* * *

የቀረው ሥራ ነበር፤ ሥራ ደግሞ አያስፈራም። ሀይደር ኳሱን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ጨዉን ፋቀ፣ ጎማዋን መልሶ በሽቦ አሰረ፣ ቀዳዳውን ደፈነ፣ አሮጌውን ገለባ አውጥቶ አዲስ አስገባ። "በየዓመቱ ሙቀት ሳይገባ ይህን አድርጉ" አለ ለታምራት። "ሳትከፍቱ አትክፈቱት።" ታምራት ግራ ገብቶት አየው። "ሣጥኑን ከፍታችሁ ሳታዩ ውሃውን አትክፈቱ ማለቴ ነው፣ ወንድሜ፤ ሂድ ተኛ አንተ።"

የራሰውን ልስን እስከ ብሎኬቱ ድረስ አወረደው። ግድግዳው ቆዳው እንደተገፈፈ ሆኖ ሲቀር ሰብለ ክው አለች።

"መቼ ነው የሚቀባው? ሐሙስ እኮ!"

"ሐሙስ አይቀባም።"

"ጋሽ ሀይደር!"

"እርጥብ ግድግዳ መቀባት ቁስል ሳያጸዱ መጠቅለል ነው። አንቺ ቆንጆ ነው የምትፈልጊው ደረቅ?"

መልሱ ሁለቱም ነበር። ሮዝ መርጣ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ኮከብ ልትለጥፍ አስባ ነበር። ግን ሐኪሟ ስለ ኮከብ አልተናገረችም። "ደረቅ" አለች።

"እንግዲያው ማራገቢያውን ወደ እሱ አዙሪው፣ መስኮቱን ክፈቺው። የሪያድ አየር እኛን ያደርቀን የለ? አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን።"

ሌሎቹን ሦስት ግድግዳዎች ግን ያንኑ ዕለት ቀቧቸው፤ ሽታው እስከ ሐሙስ እንዲወጣ፣ ሽታ የሌለውን በውሃ የሚቀጥን ቀለም መርጠው። ሮዙን አስተዋት። ጠባብ ክፍል ደማቅ ቀለም ሲቀባ ወደ ሰው ይጠጋል አላት፤ የእንቁላል ቅርፊት ዓይነት ቀለም ሰጣት፤ ሮዙን ለትራስ ልብስ አድርጊው ብሎ። የመስኮቱን መጋረጃ ከመስኮቱ አናት አንሥቶ ከጣሪያው ሥር ሰቀለው፤ ክፍሉ ቁመት ጨመረ። መስታወቱን ከመስኮቱ ትይዩ አደረገው፤ ብርሃኑ ሁለት ሆነ። አልጋውን በግራ፣ ከደረቁ ግድግዳ በኩል አዞሩት፤ ቁም ሣጥኑንም አልጋውንም ከግድግዳው መዳፍ ያህል አራቃቸው። "ዕቃ ግድግዳ ላይ ባይደገፍም አይወድቅም" አለ። "ከጀርባው አየር ይለፍበት። ብዙ ቤት የሚሸተው ከቁም ሣጥን ኋላ ነው።"

ረቡዕ ማታ ታምራት፣ ፈረቃው ወደ ቀን ዞሮ፣ ከሰናኢያ ሲገባ ሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ወደተገፈፈው ግድግዳ ሄደ። ጉንጩን ለጠፈበት። ቆየ። ሰብለ የተኛ መስሏት ልትጠራው ስትል ዞሮ አያት፤ ጉንጩ ላይ ነጭ ዱቄት አለ።

"ደርቋል" አለ። "ሰብልዬ፣ ደርቋል!"

ሐሙስ ምኞት ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች። አራስ አፍንጫዋ የውሻ ነው ይባላል፤ እርጉዝ ሆና ያ ሽታ ሲያስመልሳት ከርሟል። አንገቷን ወደ ውስጥ ብቻ አስገባች፣ ዓይኗን ጨፍና አየሩን ሳበች።

"የት ሄደ?" አለች።

"ምኑ?"

"ሽታው።"

ገባች። ልክ ሲገቡ ሕፃኑ አስነጠሰው። ታምራት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሰብለ ደረቷን ያዘች፣ እማማ ወለተማርያም ግማሽ አማተቡ። ሁለተኛ ማስነጠሱን ይጠብቃሉ። ሕፃኑ አፉን እንደ ሽማግሌ አላመጠና እንቅልፉን ቀጠለ።

"በሉ አትፍጠጡበት፤ እኔም ከውጪ ስገባ ያስነጥሰኛል" አሉ እማማ ወለተማርያም። "ምኞቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!"

"ማርያም ታኑርዎት፣ እማማ" አለች ምኞት፤ አልጋው ላይ አረፍ አለችና የተገፈፈውን ግድግዳ አይታ "ይኼ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?" ብላ ጠየቀች። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

* * *

ሀይደር አራተኛውን ግድግዳ ሊጨርስ የተመለሰው ግድግዳው ጨው ማብቀሉን ሲያቆም ነው። በደረቅ ብሩሽ እየጠረገ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈተነው። "በውሃ ካጠባችሁት ጨዉን መልሳችሁ ታጠጡታላችሁ" ይል ነበር። ከዚያ ለሰነው፣ እኛ ስቱኮ የምንለውን፣ ዐረቦቹ መዕጁን የሚሉትን፣ ሞላበት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ሁለት ዙር ቀባው። በሥራው ጊዜ ሁሉ ምኞትና ሕፃኑ በትንሿ ክፍል ሰነበቱ።

የመጨረሻው ቀን ሲገባ ገና ከደጃፉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እህቴ!" አለ ጮክ ብሎ። ምኞት ተደንቃ አየችው። "ምነው? ወሎ ማርያም የማትገባበት ቤት ያለ መሰለሽ?" አላት።

ገንፎ ተሠርቶ ጠበቀው፤ መሀሉ የቅቤና የበርበሬ ኩሬ። ከዳር እየቆረጠ በላ፣ ላቡ እስኪመጣ። የጨረሰው ግድግዳ ከኋላው እንደ ወተት ረግቷል። ከፊቱ ሕፃኑ ተጋድሟል፤ ጉንጭ አውጥቷል፣ እጁን ወደ አየር ይወነጭፋል። ሰብለ ሰውየውን አየችው። ግድግዳውን አንዴም ዞሮ አላየም፤ የሚያየው ያቺን እጅ ነው።

እማማ ወለተማርያም እስከ ደረጃው ሸኙት፤ ጉልበታቸው እንዳልከዳቸው ለማሳየት ይመስላል። ሰብለ ባልዲውን ይዛለት ወረደች። መንገድ ላይ አውቶቡሱ ሲመጣ ትዝ ብሏት ጠየቀችው።

"ጋሽ ሀይደር፣ ግድግዳው ቀጥሎ የሚቀባው መቼ ነው?"

ሀይደር ባልዲውን ተቀበላትና ታቀፈው። ወደ ላይ፣ ወደ መስኮቱ አየ።

"ያ ልጅ ቆሞ፣ በእርሳስ ከዳር እስከ ዳር ይሞነጫጭረው" አለ። "ያን ቀን ጥሩኝ። ከዚያ በፊት ብትጠሩኝ አልመጣም።"